ደጋ የሚወርድበት ከተማ

ዓደን ላይ ደጋን የሚያስታውስ ነገር አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ የለም። በሼክ ዑስማን በኩል ያለው ቃሂራ ሰፈርማ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ሐምሌ ሲመጣም እንደ ምጣዱ ይግላል። ያም ሆኖ ቀትር ሲቃረብ ከተማው ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቀው የደጋ ሸቀጥ ነው፤ ጫት። ከዳሌዕ ተራሮች ተጭኖ ይወርዳል። እስሩ እንዳይጠወልግ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሏል። ገዢው ጥቅሉን ገለጥ አድርጎ ጫፉን ብቻ ነው የሚያየው፤ ቀንበጡ ቀላ ብሎ ጠንከር ካለ ዋጋ ይጠይቃል፣ ለሽ ካለ ሳይተነፍስ ያልፋል። የአወዳይን የጫት ገበያ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቆሞ ባዕድነት አይሰማውም።

ባይሰማውም አይገርምም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓደን ትቅም ከነበረው ብዙው የሐረርጌ ጫት ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከድሬዳዋ እያነሳ ያደርስላት ነበር። እንግሊዞች በ1957 ከለከሉ። ቃሚው ግን ከቅኝ ግዛቱ ወሰን ወጣ ብሎ ላሕጅ ገብቶ መቃሙን ቀጠለ፤ በዓመቱ ክልከላው ተነሳ። ኋላ የደቡብ የመን ሶሻሊስቶች ደግሞ ከተሜው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ እንዲቅም በሕግ ወሰኑ። በ1990 ሁለቱ የመኖች ሲዋሐዱ ያም ቀረ። ሁለት መንግሥታት ከአንድ ቅጠል ጋር እንዲህ ሲታገሉ ማየት፣ ለእኔ፣ ከብዙ የጦርነት ታሪክ ይልቅ ያዝናናል።

ለነገሩ የመንና እኛ የአንድ ደጋ ሰዎች ነን። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ እዚህም እዚያም እየተነባበረ የሰሜንን ተራሮችም የሰንዓንም ደጋ ጥቁር ድንጋይ አለበሰ፤ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ባሕር ገባበት። ስንጥቁ ዛሬም በዓመት አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል። ከድርሻው ከፍታው ለእኛ አመዘነ፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ሲያልፍ የየመኑ ነቢ ሹዐይብ 3,600ን አልፎ ብዙም አይሄድም። ገደሉን በካብ እየደረደሩ እርከን በመሥራት ግን እነሱን የሚያህል የለም፤ ኮንሶዎች ካልሆኑ በቀር።

ዓደን ራሷ ያላት ተራራ ሻምሳን ነው፤ ራሰ በራ፣ ከ550 ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ የበረደ እሳተ ገሞራ። አሮጌው ከተማ ክሬተር የተቀመጠው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። አፈር የሌለው ተራራ ምን ይረባል ቢሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ቁልቁል ይለቀዋል። የጥንት ሰዎች ይህን አይተው ከሥሩ የጠዊላን ገንዳዎች ቀረጹ። እንግሊዞች በ1850ዎቹ ሲያገኟቸው በደለል ተውጠው ነበር።

ቡናውም በዚሁ ወደብ ያልፍ ነበር። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ግጥም ካቆመ በኋላ በ1880 እዚህ አንድ የቡና ነጋዴ ቤት ተቀጠረ፤ ሙቀቱን አጥብቆ ይጠላ ነበር፣ ወዲያውም ወደ ሐረር ተላከ። ሆርሙዝድ ራሳምም የአፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ሆኖ መቅደላ አምባ ላይ ከመክረሙ በፊት በዓደን የእንግሊዞች ሹመኛ ነበር። ደጋችን በእንግዳ ተቀባይነቱ ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን በዚህ ባሕር የሚሻገረው ሰው ነው። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ተነስተው በጅቡቲው ኦቦክ በኩል በጀልባ የሚመጡ ልጆች ሳዑዲን እያሰቡ ዓደን ላይ ይቆማሉ፤ ባልዲና ጨርቅ ይዘው መኪና ያጥባሉ። አንዱን «ከየት ነህ?» ቢሉት የመንደሩን ስም አይነግርዎትም። «ከደጋ ነኝ፣ ጋሼ» ይላል፣ ግንባሩን በክርኑ እየጠረገ። ሙቀቱን እንዴት ቻልከው ቢሉት ደግሞ ሥራው ውሃ ነክቶ መዋል ስለሆነ ከሌላው ይሻላል ብሎ ጨርቁን ይጨምቃል፤ የሚያጥበው መኪና ከዳሌዕ የወረደ የጫት ፒክአፕ ነው፣ ባለቤቱም ቶሎ በል ይለዋል።