ከኋላ ለሚመጣው

ስለ ሩጫ ሞተር ሳይክል ሲወራ ከወጣቶች አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ይሮጣል?» የሚል ነው። እኔ ግን የአንድ ወንድም ያማሃ አር6 ለሩጫ ሜዳ ሲዘጋጅ መፍቻ አቀባይ ሆኜ የታዘብሁት ሌላ ነገር ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ይህ ወንድም በወጣቶች ኅብረት አብሮኝ ያገለግላል። ፍጥነት ይወዳል፤ ነገር ግን በአውራ ጎዳና ላይ መክነፍን ትቶ፣ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ሜዳ ብቻ ሊነዳ ወሰነ። ሞተሩ 599 ሲሲ ነው፤ ጉልበት አላነሰውም። በጋራዡ ውስጥ አራት ምሽት ሙሉ የሠራነውም አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ አልጨመረለትም።

መጀመሪያ ስፖኪዮውን፣ ፍሬቻውንና ታርጋውን አወረድን። የፊት መብራቱን በፕላስተር ሸፈንነው፤ ሞተሩ ቢወድቅ ስብርባሪው አስፋልቱ ላይ እንዳይበተን ነው። ቀጥለን በራዲያተሩ ውስጥ ያለውን አንቲፍሪዝ አፈሰስን። አንቲፍሪዝ ሞተሩን ከብርድም ከዝገትም የሚጠብቅ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው ግላይኮል መሬት ላይ ከፈሰሰ እንደ ውሃ ቶሎ አይደርቅም፤ ያንሸራትታል፤ ለማጽዳትም ያስቸግራል። ስለዚህ በብዙ የሩጫ ሜዳዎች አይፈቀድም። በምትኩ የተጣራ ውሃ ሞላን።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ግን የሽቦው ሥራ ነው። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ፈትተን ጭንቅላቱን በ1.5 ሚሊሜትር ፑንታ በሳነው። ቡሎኑን መልሰን ካጠበቅን በኋላ 0.8 ሚሊሜትር የማይዝግ ሽቦ በቀዳዳው አሳልፈን፣ በፒንሳ ገምደን፣ ከማይነቃነቅ የሞተሩ አካል ጋር አሰርነው። ሽቦው የሚታሰረው ቡሎኑን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ እንዲስብ ተደርጎ ነው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ቡሎኑ ልፈታ ቢል ሽቦው ይይዘዋል። የዘይት ፊልትሮውንም እንዲሁ አሰርን።

ቡሎኑን ስንበሳ ሁለት ፑንታ ተሰብሮብን ነበር። ሁለተኛው ሲሰበር ወንድሜ ታከተውና፣ «ቡሎኑ እኮ በደንብ ጠብቋል፤ ደግሞስ ብወድቅ የምወድቀው እኔ ነኝ!» አለ።

እውን የሚወድቀው እርሱ ብቻ ነው? በዚያ ሞተር ውስጥ 2.5 ሊትር ገደማ ዘይት አለ። ቡሎኑ ቢወልቅ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ባለ ሞተሩ ምንም ሳይታወቀው ኩርባውን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ከእርሱ በኋላ ሞተሩን አጋድሎ፣ ጉልበቱን ወደ መሬት አስጠግቶ የሚዞረው ሰው ግን ባልሠራው ጥፋት ይወድቃል። ሽቦው ከባለቤቱ ይልቅ ከኋላ ለሚመጣው ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ የያዘው ጉዳይ ይህንኑ ይመስለኛል። ጣዖት ከንቱ እንደ ሆነ፣ መብልም ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ ወይም እንደማያርቅ ያውቃል። ሆኖም መብላቱ ደካማውን ወንድም የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋን ጨርሶ ለመተው ተዘጋጅቷል። አንቲፍሪዙም ክፉ አልነበረም፤ ያስወገድነው ሌላውን ስለሚጥል ነው።

በዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሜዳ ስንደርስ መርማሪው ስለ ፍጥነት አንድ ቃል አልጠየቀም። ጎማዎቹን ነቀነቀ፣ ፍሬኑን ጨበጠ፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ወዲያው መመለሱን አየ። ከዚያም ተንበርክኮ ሽቦዋን በጣቱ ነካ። በማለዳው ስብሰባ የተነገረውም ሕግ አጭር ነበር፦ ከፊት ያለው ሰው ስፖኪዮ ስለሌለው አያያችሁም፤ ስትቀድሙት የእርሱ ደኅንነት ኃላፊነት የእናንተ ነው። በዚያ ሜዳ የሚጠነቀቀው ፈጣኑ ለዘገምተኛው ነው።

ከሰዓት በኋላ ቀይ ባንዲራ ተውለበለበ። የአንድ ሰው ሞተር ዘይት አፍስሶ፣ ተከታዩ ተንሸራትቶ ወድቆ ነበር። በጌታ ምሕረት በእግሩ ተነሥቶ ሄደ። ዘይቱ እስኪጠረግ ሁላችንም ቆመን ስንጠብቅ፣ ወንድሜ ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ የራሱን ሽቦ ተመለከተ።

«የግሌ ጉዳይ ነው፤ ማንንም አልነካሁም» የሚለው ቃል በእኛ በወጣቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን በየኅብረታችን መስመራችንን እያዩ የሚከተሉን ታናናሾች አሉ። በስልክ የምናሰራጨው ቀልድ፣ ስለ አገልጋዮች እንደ ዋዛ የምንወረውረው ቃል፣ እኛን ሳይጥለን አልፎ እነርሱን ሊጥል ይችላል። ለዚህ ሽቦ ማሰር አድካሚ ነው፤ ማንም አያየውም፤ የሚያጨበጭብለትም የለም።

በሚቀጥለው የኅብረት ጊዜያችሁ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦ እኔን የማይጎዳኝ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ግን የሚጥል ምን ይዤ እየነዳሁ ነው?