ነፋስና የፒክ አፕ መልክ

ልብስ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለብርድም እንደሚለበስ ሁሉ፤ የመኪናም ቅርጽ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለሥራው የሚስማማ ሊሆን ይገባል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ቡናና ማር ከቦንጋ ወደ ጅማ በፒክ አፕ የሚያመላልሰው አጎቴ ነው። ናፍታ በተወደደ ቁጥር ከትርፉ የሚቀነሰው የእኛ የልጆቹ የደብተርና የጫማ ገንዘብ ስለ ሆነ፤ ነገሩን ከፊዚክስ ትምህርታችን ጋር አገናዝቤ መረመርሁት።

ነፋስ ባይታይም መንገድ ይዘጋል። የእንሰት ቅጠል ዘርግቶ በነፋስ ፊት የሮጠ ልጅ ይህን ያውቃል፤ ጠቅልሎ ቢይዘው ግን ሩጫው ይቀለዋል። የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፤ የነፋሱ ግፊት 2 እጥፍ ሳይሆን 4 እጥፍ ይሆናል። ቶዮታ ሃይሉክስ በ1960 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ዝቅ ያለ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን ፊታቸው ሰፍቷል፤ ቁመታቸውም ጨምሯል። ግርማው ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን ሰፊ ግንባር ብዙ ነፋስ ይገፋል፤ ዋጋውም በናፍታ ይከፈላል። ባዶ ፖርቶ መጋላ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ብዙ ሾፌሮች «የኋላውን መዝጊያ ከፍተህ ብትነዳ ነፋሱ ያልፋል» ይላሉ። እውነት ይመስላል፤ ሆኖም በቆመ መኪና ላይ ነፋስ እየነፉ የመረመሩ መሐንዲሶች አብዛኛውን ጊዜ ያገኙት ተቃራኒውን ነው። መዝጊያው ሲዘጋ በጭነቱ ክፍል ውስጥ አየር እየተሽከረከረ እንደ ትራስ ይተኛል፤ ከጋቢናው ጣሪያ የሚመጣውም ነፋስ በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል። የአጎቴ መኪና ባዶውን ሲመለስ ብመለከት፤ የቡናው ገለፈት የተከማቸው ከኋላ ሳይሆን ከጋቢናው ሥር ነበር፤ ነፋሱ ከመዝጊያው ተመልሶ ወደ ፊት ገፍቶታልና። ሸራ አጥብቆ መወጠርም ጥቂት ይረዳል።

ይሁን እንጂ ሁሉን በነፋስ ማሳበብ አይገባም። ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ዳገቱን ለሚወጣ መኪና፤ ፍጥነቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ዋናው ጠላት ክብደት ነው። ነፋስ የሚበረታው በሜዳው አስፋልት ላይ ነው። ስለዚህ ለዳገቱ ትርፍ ዕቃ ማውረድ፤ ለሜዳው ፍጥነት መቀነስ፤ ለሁለቱም ጎማን በልኩ መንፋት ይጠቅማል።

«ጋሼ፤ ፖርቶ መጋላውን አውርደው» ብለው፤ «ያለ እሱ መኪናው ራቁቱን ይመስላል» አለኝ። ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ አወረደው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ነገ መኪና ለመግዛት ስትበቁ መልኩን ብቻ አትዩ፤ ነፋሱንም ጠይቁ።