የአያቴ ጋሻ

«ቅርስ የሀገር መታወቂያ ነው» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ቅርሱ በገዛ ቤታችን ተደብቆ ሲገኝ ነገሩ እንደ ቃሉ አይቀልም። ይህንንም የተረዳሁት ባለፈው ጥር፥ ለዕረፍት ከደባርቅ ወደ ደረስጌ በሄድሁ ጊዜ ነው።

ደረስጌ ትንሽ አገር ብትሆንም ስሟ በታሪክ የታወቀ ነው። የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፥ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እኔ በዚያ አካባቢ ከብት ስጠብቅ ያደግሁ ስሆን፥ ይህን ታሪክ የተማርሁት ግን ደባርቅ ገብቼ ከመጽሐፍ ነው።

በዚያ ጥር ከባህል መሥሪያ ቤት የተላኩ ሁለት ሰዎች በየቤቱ ያለውን የቆየ ዕቃ ለመመዝገብ መጡ። ወደ እኛም ቤት ገብተው ጠላ ከቀመሱ በኋላ፥ «አባታችን፥ እዚህ ቤት አሮጌ ነገር ይኖር ይሆን?» ብለው ጠየቁ። አያቴም «ከእኔ በቀር አሮጌ የለም» ብለው መለሱ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን እየሳቅሁ ደነገጥሁ፤ ከጎሽ ቆዳ የተሠራው የቅድመ አያቴ ጋሻ በገብሱ ጎተራ ውስጥ መቀበሩን አውቃለሁና።

ሰዎቹ እንደ ሄዱ፥ «አባባ፥ ለምን ዋሹ? መንግሥት ለባህላችን ሲደክም እኛ መደበቅ ይገባናልን?» ብዬ ተቆጣሁ። አያቴ ግን ቀስ ብለው፥ «ልጄ፥ የተጻፈ ዕቃ መንገደኛ ነው። የመቅደላው ዕቃስ የት ደረሰ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ዘውዱን፥ ታቦቱንና የብራናውን መጽሐፍ በ15 ዝሆንና 200 በሚያህል በቅሎ ጭነው መውሰዳቸውን፥ ብዙውም ዛሬ በለንደን እንደሚገኝ ተምሬአለሁ። የአያቴ ፍርሃት ከድንቁርና ሳይሆን ከትዝታ የመጣ ነበር።

ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ነገሩን ለታሪክ መምህራችን አጫወትኋቸው። እሳቸውም በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 አሳዩኝ። ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊሆን ይችላል፤ የያዘው ሰው ግን ማስመዝገብና በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት። መመዝገብ ማለት መውረስ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለፋሲካ ስሄድ ይህንን ለአያቴ አነበብሁላቸው።

«ተመዝግቦ ቢጠፋስ?» አሉኝ።

«ሳይመዘገብ ቢጠፋ የእኛ መሆኑን ማን ያምነናል? በ2014 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ ዘውድና ጋሻ ከእንግሊዝ አገር ተመልሰዋል። ከየት እንደ ሄዱ ባይታወቅ ኖሮ ማን ይመልሳቸው ነበር?»

«ጋሻም ተመልሷል?» ሲሉ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ከዚህ በኋላ ተነሥተው ጋሻውን ከጎተራው አወጡ፤ የተጣበቀበትን ገብስ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፥ «በመጀመሪያ የማን እንደ ሆነ ጻፍ» አሉኝ። ሦስት ሌሊት ሲነግሩኝ፥ እኔም ሦስት ሌሊት ጻፍሁ። ጋሻው እስከ ዛሬ አልተመዘገበም፤ ታሪኩ ግን በደብተሬ አለ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ መንግሥት ሙዚየምና ቴአትር ቤት ሊሠራ፥ አዋጅም ሊያወጣ ይችላል። የሽማግሌ ልብ ግን በአዋጅ ብቻ አይከፈትም፤ ከዚያው ቤት የወጣ፥ ፊደል የቆጠረ ልጅ ቁጭ ብሎ ሊያዳምጥ ይገባዋል። ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ እንያዝ፤ ከመፍረዳችንም በፊት እንጠይቅ።

እኔም አያቴን ዋሹ ብዬ ስለ ተናገርኋቸው በዚህ ጽሑፍ ይቅርታ እለምናቸዋለሁ። እሳቸው ፊደል ባይቆጥሩም፥ ክረምት ስገባ ራሴ አነብላቸዋለሁ።