ከዳሞታ ተራራ ሥር፦ ቁርጥ፣ ዳጣና የሰው ወሬ

ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐላባ ቁሊቶ ላይ ቀይ በርበሬ በየደጃፉ ተሰጥቶ ይታያል። የብላቴን ወንዝ ተሻግሮ፣ ሾኔን አልፎ ቦዲቲ ሲደረስ ደግሞ ጓሮው ሁሉ እንሰት ነው። ወላይታዎች «ኡታ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ የዳሞታ ተራራ ብቅ ይላል፤ ከሥሩም ሶዶ። ከተማዋ የወላይታ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች።

እኛ ሁለት መምህራን ነን። በክረምቱ እረፍት ወደዚህች ከተማ የመጣነው በልጅነታችን አብሮን ቂርአት የተቀመጠ ወዳጃችን ደጋግሞ ስለጠራን ነው። የሰነበትነው አምስት ቀን ሲሆን፣ ስለ ከተማዋ ብዙ የሚጻፍ ቢኖርም በዚህች ጽሑፍ የምናወሳው በማዕድ ዙሪያ የሰማነውን ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን እንደምታውቁት የሶዶ ቁርጥ ስሙ የገነነ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ በመስከረም ሲደርስ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ እንደሚከርሙ የአገሩ ሰው ሁሉ ይናገራል። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ቢሆንም ከራሱ ሥጋ ቤት ገዝቶ በአገሩ ወግ ይበላል። ከቁርጡ ጋር የማይለየው ዳጣ ነው። ዳጣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከመዓዛማ ቅጠሎች ተደቁሶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ እንባ ቢያስመጣም እጅን መልሶ ይጠራል። ማሻአላህ፣ ለዳጣው ያለን አድናቆት እስካሁን አልበረደም።

ወዳጃችን በሁለተኛው ቀን ወደ አንድ የሙስሊም ሥጋ ቤት ወሰደን። እኛ ጥብስ ስናዝ ባለቤቱ ሐጂ ቅር አላቸው። «ኡስታዞች፣ ሶዶ ድረስ መጥቶ ጥብስ?» አሉን። ትል እንፈራለን ብንላቸው ሳቁ። «ዳጣው ምን ሊሠራ ተቀመጠ? እሱ ይገድለዋል» አሉ። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ «ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ፣ ደሙ ፈሶ ያለቀ ሥጋ በሽታ የለውም» ሲሉ አከሉ። አንድ ወጣትም ቀበል አድርጎ «የኮሶ ትል የአሳማ ነው፤ እኛ አሳማ አንበላ፣ ከየት ይመጣብናል?» አለ። ሦስቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። እኛም ሦስቱን ንግግር በየተራ ልንመለከተው ወደድን፤ በየከተማው ሙስሊም ቤት ውስጥ የሚነገር ነውና።

ከዳጣው እንጀምር። የትሉ እጭ የሚኖረው በሥጋው ውስጥ፣ በጡንቻው መካከል፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባነሰች ከረጢት ተሸፍኖ ነው። ዳጣ የሚነካው የሥጋውን ፊት ብቻ ነው። ደግሞስ ይህ ፍጡር የሰውን ጨጓራ አሲድ አልፎ አንጀት ላይ ተጣብቆ፣ ብዙ ሜትር ርዝመት አውጥቶ የሚኖር ነው። በዚያ አሲድ ያልሞተ በቃሪያና በዝንጅብል ይሞታል ማለት እንዴት ይሆናል? ሎሚም እንዲሁ ነው፤ የሥጋውን ቀለም ይለውጣል እንጂ ከረጢቱን አይነካውም። ሌሎች ወገኖቻችን አረቄ ይገድለዋል ይላሉ፤ የኛ ወጣቶች ደግሞ አረቄውን ትተው በለስላሳ መጠጥ ተክተውታል። ትሉ ለሁለቱም ደንታ የለውም። ትሉን የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው መሐል ሳይቀር 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይሞታል። ካልሆነም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ቢያንስ 10 ቀን መቆየት አለበት። «ለብ ለብ» የሚባለው ክትፎ ከዚህ ሙቀት አይደርስም።

ሁለተኛው ንግግር ከበድ ያለ ነው፤ ዲንን ይነካልና። የእርድ ሥርዓታችን ሥጋውን ሐላል ያደርገዋል። በሬው ግን በሕይወት ሳለ በግጦሹ የበላው የትል እንቁላል ከመታረዱ ከብዙ ጊዜ በፊት በጡንቻው ውስጥ እጭ ሆኖ ተቀምጧል፤ ቢላዋው አንገቱ ላይ ሲያርፍ እጩ አይሞትም። በሱረቱል በቀራህ 168ኛው አንቀጽ ላይ ሐላልና ጠይብ የሚሉት ሁለት ቃላት ጎን ለጎን መጥተዋል። መድረሳ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሥጋ ቤት ሲገባ ግን የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን በር ላይ ይተወዋል። ስለ ደሙም ቢሆን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ከታረደ ሥጋ የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ በአብዛኛው ደም ሳይሆን ውሃና ሥጋውን የሚያቀላው ንጥረ ነገር ነው። ፉቀሃዎችም የተከለከለው በሱረቱል አንዓም 145 የተጠቀሰው የሚፈስ ደም መሆኑን፣ በሥጋው ሥሮች ውስጥ የቀረው ግን የማያስጠይቅ መሆኑን ተናግረዋል። ስለዚህ ቀዩን ፈሳሽ አይቶ «ደሙ አልወጣም» ማለትም፣ ነጭ ሆኖ አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለትም ከትሉ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።

የወጣቱ ነገር ምንጩ ከኛው መጻሕፍትና ደርሶች ይመስለናል። የአሳማን ክልክልነት ለማስረዳት ትሉን መጥቀስ ተለምዷል። ነገር ግን የኮሶ ትል ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ በአሳማ፣ ሌላው በከብት ሥጋ ይመጣል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው የከብቱ ነው። የአሳማ ሥጋ ክልክል የሆነው አላህ ስለከለከለው ነው፤ ትሉን ምክንያት ካደረግነው ግን ልጆቻችን የበሬው ከትል ነጻ ነው ብለው ይደመድማሉ። ይኸው ደምድመዋል።

«ቄራው ማህተም መትቶበታል» የሚልም አይጠፋም። የሥጋ ምርመራ ታላቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን መርማሪው ልብን፣ ምላስንና የመንጋጋን ጡንቻ ሰንጥቆ በዓይኑ ያያል እንጂ በሬውን በሙሉ ከትፎ ማየት አይችልም። በሶዶ ማዘጋጃ ቤት ቄራ በታረዱ ከብቶች ላይ ተደርጎ በ2001 ዓ.ም ታትሞ የወጣ ጥናት ከየአሥሩ ከብት በአንዱ ያህል የትሉን ከረጢት አግኝቷል፤ ይህም በዓይን የተገኘው ብቻ ነው። የበሽታው መነሻ ደግሞ ሰው ራሱ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣር ላይ ይቀራል፣ በሬው ይግጠዋል፣ ሰው በሬውን ጥሬ ይበላዋል። መጸዳጃ ቤት መቆፈር ለሥጋው ጤንነት ከዳጣ ይበልጣል ማለት ነው። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረው ይህን ዑደት የሚሰብሩበት መንገድ ስላልነበራቸው ነው፤ ኮሶ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኪኒን ይሻላል።

ሐጂ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያ «ታዲያ እኔ ምን ልሽጥ?» ብለው ጠየቁ። ጥብሱን አመጡልን፤ ከዳጣ ጋር።

በወዳጃችን ቤት የገጠመን ደግሞ ሌላ ነው። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነች፣ ሰባት ወር ሆኗታል። እናቱ፣ እማማ ብለን የምንጠራቸው፣ ወተትና ጎመን ከፊቷ ያርቃሉ። ምክንያታቸውን ስንጠይቅ «ወተቱ ሕፃኑ አናት ላይ ይለጠፋል፤ ነጭ ሆኖ ሲወለድ አይታችሁ አታውቁም?» አሉን። በተለያዩ የአገራችን ክፍሎች የሚነገር እምነት ነው። ያ ነጭ ነገር የምግብ ትራፊ ሳይሆን አላህ የሕፃኑን ቆዳ በማሕፀን ውሃ ውስጥ እንዲጠብቅ የፈጠረው ቅባት ነው። ቀኑ ሳይሞላ በተወለደ ሕፃን ላይ ይበዛል፣ ቀኑ ባለፈው ላይ ያንሳል። እናት የበላችው በቀጥታ ወደ ሕፃኑ አናት የሚሄድበት መንገድም የለም፤ ተፈጭቶ፣ ደም ሆኖ፣ በእትብት በኩል ነው የሚደርሰው።

በዚያው ቤት ይህችው ሴት ቁርጥ ቢያምራት ፈጥነው ያመጡላታል። ያማራትን ካልበላች ልጁ ምልክት ይዞ ይወለዳል ይባላልና። እንግዲህ አስቡት፤ ደምና አጥንት የሚሠራው ጎመንና ወተት ተከልክሎ፣ በእርግዝና ጊዜ ከሁሉ በፊት ሊቀር የሚገባው ጥሬ ሥጋ ይቀርባል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትልን ብቻ አይደለም የሚያመጣው። በዓይን የማይታይ፣ ከእናት ወደ ጽንስ ተሻግሮ የሕፃኑን ዓይንና አንጎል የሚጎዳ ተሕዋስም ሊኖርበት ይችላል።

እማማን ግን አናቃልላቸውም። ስድስት ልጆች የወለዱት በቤታቸው ነው፤ ሕፃኑ ከገዘፈ ምጡ እንደሚጠና በዓይናቸው አይተዋል፤ ምግብ የመቀነሱ ነገርም አንድ ሥሩ ይኸው ፍርሃት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ መጥታ ነግራቸዋለች። «ልጅ ናት፣ አልወለደችም» ይሏታል። ወዳጃችን በመጨረሻ የተናገረው ቃል ነው የተሻለ የሠራው፦ «እማ፣ አንቺ እኔን ስታረግዢ ላሟ ወልዳ ነበር አላልሽም?» እማማ ዝም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ምራታቸው ፊት አንድ ኩባያ ወተት ተቀምጦ አየን፤ ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅንም።

በዚህ ቤት ሌላም የታዘብነው አለ። ለኛ ዳቦና ሩዝ ከከተማ ተገዝቶ ቀረበ፣ ቆጮው ጓዳ ቀረ። ቆጮ «የድሃ ምግብ» ተብሎ እንግዳ ፊት ማቅረብ ማፈሪያ ሆኗል። እንሰት ግን በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመግብ፣ ዝናብ ሲዘገይ ቆሞ የሚጠብቅ፣ ተፍቆ በጉድጓድ ከተቀበረ ወራት የሚቆይ ተክል ነው። ጠይቀን አስመጣነው። ቅቤ የገባበትን ሙቹዋ የበላ ሰው በከተማ ዳቦ ለምን እንደሚኮራ አይገባውም። የተገላቢጦሹ አባባል፣ «ቆጮ ብቻውን ይበቃል» የሚለውም ትክክል አይደለም። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ጡት የተወ ሕፃን ቆጮና ቡላ ብቻ ሲበላ ሆዱ ይሞላል፣ ሰውነቱ ግን ይጎዳል። አይብ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላል አብሮ ሊቀርብለት ይገባል።

ስለ ጎዳሬ፣ ወላይታዎች «ቦይና» ስለሚሉት፣ ብዙ አንልም። አፍና እጅ የሚያሳክከው መርዝ ኖሮበት ሳይሆን እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ጠጠሮች ስላሉበት ነው፤ በደንብ ሲቀቀል ያልፋል። በጥድፊያ ያወጣው ሰው ጥፋቱን በጎዳሬው ላይ ይጭናል።

ካሳቫ ግን ሌላ ነው። ሥር ስለሆነና ድንች ስለሚመስል «እንደ ድንች ቀቅሎ መብላት ነው» የሚሉ አሉ። መራራው ዓይነት ሳይናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለበት መቀቀል ብቻውን አያድንም። ይህን የነገርናቸው እኛ አይደለንም፤ እማማ ናቸው በሥራቸው ያሳዩን። ይልጡታል፣ ይከትፉታል፣ ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ያቆዩታል፣ ውሃውን ደፍተው በፀሐይ ያደርቁታል። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው «መራራው ይውጣ ብዬ ነዋ» አሉን። ከዚያ አስፈጭተው ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩታል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከመሳፈራችን በፊት የበላነው ይህንኑ እንጀራ ነበር።