ባል ሞንትሬይ ላይ ተመረቀ፤ ሚስትስ?

ምርቃት ሲባል በእኛ አገር በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው የታወቀ ነው። ጥቁር ጋዋን፣ አራት ማዕዘን ቆብ፣ የታቀፈ አበባ፣ በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ ቤተ ዘመድ፣ «ትንሽ ጠጋ በሉ!» እያለ የሚጮህ ፎቶ አንሺ… ተመራቂውም አብዛኛውን ጊዜ ገና ከእናቱ ጓዳ ያልወጣ፣ የሃያ ሁለት የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ተመራቂው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሚስት ያገባ፣ ሁለት ልጆች የወለደ፣ ዓመታት መርከብ ላይ ያሳለፈ መኮንን ሲሆንስ? ይህን ዓይነቱን ምርቃት ባለፈው ሰኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሞንትሬይ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ለማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ተመራቂው የእኛው ልጅ ነው። የዲቪ ዕጣ ደርሶት አሜሪካ ገባ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራ፣ ከዚያ ተራ ባሕረኛ ሆኖ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ተቀጠረ። እየሠራ እየተማረ ዲግሪውን ይዞ መኮንን ሆነ። አሁን ማዕረጉ ሌተናንት ነው። በምድር ጦር ቢሆን ሻምበል እንደማለት ነው።

ከሳንሆዜ የተነሳነው በማለዳ ነበር። የተመራቂው የአጎት ልጅ ይነዳል፤ ከጎኑ የሁለቱም አጎት፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ደግሞ እኔና አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ! መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ጊልሮይ የምትባለው ከተማ በነጭ ሽንኩርቷ የታወቀች ናት። መስኮት ከከፈታችሁ ወጥ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። እርሻውን አልፋችሁ ወደ ባሕሩ ስትጠጉ ግን ፀሐይዋ ድንገት ትጠፋለች። የዚያ ጠረፍ ውኃ ቀዝቃዛ ስለሆነ በበጋቸው ወራት ጉም ያለብሰዋል። «ካሊፎርኒያ እኮ ነው!» ብሎ በእጅጌ ጉርድ የመጣ እንግዳ ወዮለት።

ሞንትሬይ ድሮ በሰርዲን ማሸጊያ ፋብሪካዎቿ የምትተዳደር ነበረች። ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ልብ ወለድ ያን የፋብሪካ ሰፈር ዓለም አወቀው። በኋላ ሰርዲኑ አለቀና ፋብሪካዎቹ ተዘጉ። ዛሬ ሰፈሩ የሆቴልና የቱሪስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው ትልቁ የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያም እዚያው ነው። ቆርቆሮ ሲታሸግበት የነበረ ቦታ ዛሬ ዓሣ በመስታወት ይታይበታል። አይ ጊዜ!

ሆቴሉ ትምህርት ቤት ሆነ

ትምህርት ቤቱ የባሕር ኃይል የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት ይባላል። በሩ ላይ መታወቂያ ተፈትሾ ሲገባ የጦር ሰፈር ነው። ትንሽ እልፍ ሲሉ ግን ዛፍ፣ ሣር፣ ኩሬ፣ መሐል ላይ ደግሞ ቤተ መንግሥት የሚመስል ነጭ ሕንፃ። ምክንያት አለው። ግቢው ዴል ሞንቴ የሚባል የሀብታሞች ሆቴል ነበር። የባቡር ሐዲዱ ባለጸጋ ቻርልስ ክሮከር እ.ኤ.አ. በ1880 ሠራው። በ1887 ተቃጠለ፣ እንደገና ተሠራ፤ በ1924 ዳግመኛ ተቃጠለ፤ አሁን የሚታየው በ1926 የተከፈተው ነው። በ1941 ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ እዚህ ሆቴል ውስጥ ጉድ የሚያሰኝ ግብዣ አድርጎ የሆሊውድ ሰዎች ጎርፈውለት ነበር አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይሉ ሆቴሉን ያዘው፣ በዚያው ቀረ።

ትምህርት ቤቱ ራሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1909 በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ አናፖሊስ ላይ፣ አሥር መኮንኖችን ይዞ ነው። ወደ ሞንትሬይ የተዛወረው በ1951 ነው። ከዚህ የወጡትን ስትሰሙ ትገረማላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ከጨረቃ ላይ በመጨረሻ እግሩን ያነሳው ዩጂን ሰርናን ማስተርሱን ያገኘው ከዚህ ነው። ከጠፈር ተመልሶ የአሪዞና ሴናተር የሆነው ማርክ ኬሊም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። የአሜሪካ ጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹሞች ሰብሳቢ የነበሩት አድሚራል ማይክ ማለንም እንዲሁ።

አማካዩ ተማሪ ታዲያ ጨረቃ አይወጣም። ባሕር ላይ ዓመታት አገልግሎ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት እንዲማር የተላከ መኮንን ነው። ደመወዙ አይቋረጥም፣ የትምህርቱንም ክፍያ መንግሥት ይችላል። በምትኩ ተጨማሪ ዓመታት የማገልገል ግዴታ ይገባል። የባሕር ኃይል ይባል እንጂ የምድር ጦሩም፣ የአየር ኃይሉም፣ የሌሎች አገሮች መኮንኖችም ይማሩበታል። ትምህርቱም መተኮስ አይደለም። የአየር ጠባይ፣ የውቅያኖስ ጥናት፣ ምሕንድስና፣ ኮምፒዩተር፣ የፋይናንስ አስተዳደር… የእኛ ልጅ የተማረው ኦፕሬሽንስ ሪሰርች የሚሉትን ነው። ባጭሩ፣ ያለህን ጥቂት ነገር የት፣ መቼ፣ ስንት ብታደርገው ይበጃል የሚል የሒሳብ ትምህርት ነው። የመመረቂያ ጽሑፉም መርከብ ላይ ስንት የመለዋወጫ ዕቃ ይያዝ የሚል ነበር።

ነጭ በነጭ

ምርቃቱ የተካሄደው በአድሚራል ኧርነስት ኪንግ ስም በተሰየመው አዳራሽ ነው። ጋዋን የለበሱት መምህራኑ ናቸው። ተመራቂዎቹ የማዕረግ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ባሕር ኃይሎቹ ከአንገት እስከ ጫማ ነጭ። የእኛዎቹ ሴቶች ደግሞ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ። ነጭ በነጭ ሆነን ማን መኮንን ማን ቤተሰብ እንደሆነ ከሩቅ አይለይም ነበር!

ስም ተጠራ፣ እጅ ተጨባበጡ፣ ወረቀት ተቀበሉ። የእኛ ልጅ ስም ሲጠራ (ጠሪው ትንሽ ሰባብሮ ነው የጠራው) ከኋላ እልልታ ቀለጠ። ፈረንጆቹ ዞረው አዩን፤ ቀጥለው እነሱም ሳቁና አጨበጨቡ። ጋሼ ብቻ አላጨበጨቡም። ተነሥተው፣ ክንዳቸውን አስተካክለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ።

ጋሼ ምፅዋ የነበረው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባሕረኛ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ የምፅዋው ባሕር ኃይል ኮሌጅ ምርቃት ትልቅ በዓል እንደነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እየወረዱ እንደሚመርቁ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ለበዓሉ እንደሚመጡ ከቀደሟቸው ሰምተዋል። እሳቸው የደረሱት ለመጨረሻው ነው። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእጅ ወጣች። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ፣ የቀሩት መርከቦች ባሕረኛውን እንደጫኑ ወደ የመን ተሻገሩ። ጋሼ ከነዚያ አንዱ ናቸው። ኤርትራም ነፃነቷን አገኘች፣ ባሕር ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረሰ። ባሕር በሌለው አገር እንደገና ይቋቋማል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጋሼ ስለዚህ ብዙ አያወሩም። ያን ቀን ግን አወሩ።

ረከቦቱ ካርቶን ላይ

ከአዳራሹ ወደ ቤት ሄድን። ላ ሜሳ የሚባል ኮረብታ ላይ ያለ የመኮንኖች ቤተሰብ መኖሪያ ሰፈር ነው። ቤቱ እስከ ጣሪያ ካርቶን ነው! በሳምንቱ ተነሥተው ወደ ሳንዲዬጎ ይሄዳሉ፤ መርከብ ይጠብቀዋል። ረከቦቱ ራሱ «ወጥ ቤት» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን ላይ ነው የተቀመጠው።

ሚስትየዋን ቡና ስትቆላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ሳቅ ብላ፣ «ለእሱ ምርቃት ነው፤ ለእኔ ዕቃ ማሸጊያ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ ሳሉ ነርስነት ለመማር መግቢያ የሚሆኗትን ኮርሶች ጀምራ ነበር። የሞንትሬይ ትዕዛዝ መጣ፣ አቋረጠች። ሁለተኛው ልጅ ተወለደ። ሌሊት የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ቀን ልጆች ትይዛለች። ሌሎች የባሕር ኃይል ሚስቶች «ታድላችሁ፣ ሁለት ዓመት ባልሽ ከደረቅ መሬት አይወርድ!» ይሏታል። እውነት ነው፣ ማታ ማታ ቤት ነበር። ግን አካሉ ቤት፣ ልቡ ቤተ መጻሕፍት። «ያን ጽሑፉን ስንት ጊዜ እንዳነበበልኝ! ስለ መርከብ መለዋወጫ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን እስከ ዓይኗ አልደረሰም።

«ይቺም ትቁም!»

ዳቦው ሊቆረስ ሲል ሁሉም ተነሣ። የፈረንጆቹ ምርቃት አልቋል፤ የእኛው ቀረ። በእኛ ቋንቋ መመረቅ ማለት ወረቀት መቀበል ብቻ አይደለም፣ ምርቃቱ ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ ነው። ልጁ ጎንበስ አለ። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡ።

«አንድ ሰው ብቻ አልመርቅም። ይቺም ትቁም!»

ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። ጋሼም ጠየቁ፤ «የእሷስ መቼ ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ተመራቂው ሚስቱን አየት አደረገና፣ «ተፈራርመናል ጋሼ» አለ። ጂአይ ቢል የሚሉት የወታደሮች የትምህርት ድጎማ አለ። ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር ተጨማሪ አራት ዓመት ለማገልገል ከፈረመ፣ ራሱ ያልተጠቀመበትን ለሚስቱ ወይም ለልጆቹ ማስተላለፍ ይችላል። ሙሉው እስከ 36 ወር የሚያስተምር ነው። እሱ ማስተርሱን ባሕር ኃይሉ ስላስተማረው ድጎማው አልተነካም። ሙሉውን ለእሷ አዛውሮላታል። ሳንዲዬጎ ሲደርሱ ነርስነቱን ትቀጥላለች። ለዘመድ ያልተናገሩት ወሬ ፈርተው ነው።

ወሬውም ወዲያው መጣ። የአጎቱ ልጅ፣ ሳንሆዜ ውስጥ ጥሩ ሥራ ላይ ያለው፣ «እንዴ! ለልጆቹ አታስቀምጠውም ነበር? ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በምን ልትከፍል ነው?» አለ። ክፋት የለውም፤ ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው የተናገረው። እሷ አቀረቀረች።

የመለሱት ጋሼ ናቸው። ድምፃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉ፦

«እኔ መርከብ ስሳፈር ባለቤቴ ሁለት ልጆች ይዛ መሬት ላይ ቀረች። ጎበዝ ነበረች፤ መምህርነት ልትማር ገብታ እኔ ምፅዋ ተመደብኩና አስተውኳት። ‹ደመወዜ ይበቃናል› አልኳት። አንድ ቀን ደመወዙም፣ እኔም፣ መርከቡም የለም። ልጆቼን የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገቻቸው። ያቺ የመምህርነት ወረቀት በእጇ ብትኖር ኖሮ እንደዚያ አትሆንም ነበር። አንተ ለልጆቹ ትላለህ። ለእናት የተሰጠ ለልጅ ያልተሰጠው መቼ ነው?»

ማንም አልመለሰም። ጋሼ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ፤ ሁለቱንም እኩል መረቁ። «ባሕሩ ይግራላችሁ፣ ተራችሁ አይታጠፍ» አሉ። አሜን አልን። የአጎት ልጁም አሜን አለ፤ ዳቦውንም እሱ ነው የቆረሰው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የመኮንኖች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ፣ አንዱ ሲማር ሌላው የሚሸከምበት ትዳር ስንት ነው? ባል የማታ ዲግሪ ሲማር ሚስት ሱቅ ትጠብቃለች። ሚስት ስትማር ባል ሌሊት ታክሲ ይነዳል። መረዳዳቱ መልካም ነው። ችግሩ «የአንቺ ደግሞ በኋላ» የምትለዋ ነገር ናት። በኋላ ቀን የላትም።

ስለዚህ አንደኛ፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ተራ ያዙ። ማን ይቀድማል፣ ቀጣዩስ በየትኛው ዓመት ይጀምራል? ሁለተኛ፣ በቃል አይሁን። ባልና ሚስት ምን መፈራረም ያስፈልጋቸዋል አትበሉ። ባሕር ኃይል እንኳ አስፈርሞ ነው የሚያስተምረው! ሦስተኛ፣ ተራው የሚጠይቀውን ዋጋ ቁጠሩ። ይህ ሰው አራት ዓመት ፈርሟል፤ እሷም የእሱን መርከብ እየጠበቀች፣ ሁለት ልጆች ይዛ ልትማር ነው። ቀላል አይደለም። ግን ሁለቱም ዋጋውን አውቀው ነው የገቡበት።

እናንተ ሽማግሌዎችና ዘመዶችም አደራ። በሚቀጥለው ሐምሌ ዳቦ ይዛችሁ ምርቃት ስትሄዱ፣ ከተመራቂው ጀርባ ጀበና ይዞ የቆመውን ሰው ፈልጉት። «የአንተስ መቼ ነው? የአንቺስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ጥያቄ ብቻውን ምርቃት ነው።

ቸር ያሰንብተን።