የአፍሪካ አዳራሽ እድሳት

በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ታንጾ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀውና በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ታድሶ በ2024 ዳግም ሲከፈት፣ እድሳት ማለት የሕንፃን ታሪካዊ ማንነት ሳያፋልሱ ለዘመኑ አገልግሎት ማብቃት መሆኑን በተግባር አሳይቷል። በአዳራሹ ያለው የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል፣ ማለትም ባለቀለም ብርጭቆዎች ተያይዘው ብርሃን ሲያልፍባቸው ምስል የሚሰጡበት የጥበብ ሥራ፣ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍሎች የሚተርክ በመሆኑ፣ ከአዳራሹ ተነጥሎ ሊታሰብ አይችልም። ስለሆነም ነባር የሕዝብ ሕንፃ ሲያረጅ ከማፍረስ በፊት ማደስ ሊታሰብ ይገባል፤ የፈረሰው በአምሳሉ ቢሠራ እንኳ፣ መሪዎች ተሰብስበው ቻርተር የፈረሙበት ያው አዳራሽ ከቶ ሊሆን አይችልምና።