ጅቡቲ ልትሄዱ ላሰባችሁ (እና እኔና ጫማዬ ስለተለያየንበት ጠዋት)

የባሕሩን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። «ቲቸር፣ ሙቀቱ ይቻላል?» «ቲቸር፣ በባቡር ይሻላል በአውሮፕላን?» «ቲቸር፣ ልጆች ይዤ ብሄድስ?» ለእያንዳንዱ ስመልስ አውራ ጣቴ አለቀ። ስለዚህ የማውቀውን እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። ርዝመቱን ቻሉት፤ ዕድሜውን ሙሉ በክፍለ ጊዜ ሲያወራ የኖረ ሰው ማሳጠር አይሆንለትም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። 31 ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ጣናን አይቻለሁ፣ ላንጋኖን አይቻለሁ። ጨው የሆነ፣ ማዶው የማይታይ ውኃ ግን የማውቀው ካርታ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ቀብቼው ብቻ ነው። አንድ ቀን ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት፣ ታይድ ስለምንለው ነገር ሳስተምር፣ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ባሕሩ ሲመለስ እንዴት አድርጎ ነው የሚመለሰው? ሰው ሮጦ ያመልጠዋል?» አለኝ። እኔም «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጥ!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ እጁን ሲያወጣ አላስታውስም። ጥያቄው ጥሩ ነበር። አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው።

ልጁ ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ አዲስ አበባ ዕቃ ያመላልሳል። ስሙን አልጠራም፣ ይህን ማንበቡ አይቀርም። ጡረታ መውጣቴን ሲሰማ ደወለና «እማማን ይዘው ይምጡ፣ ባሕሩን ላሳይዎት» አለኝ። ባለፈው ታኅሣሥ ከባለቤቴ ጋር ሄድን።

ወደ ምክሩ ልግባ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን እርሷቸው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ደግሞ አሸዋውን አንስቶ ፊት ላይ ይበትነዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ወደ 29 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ማታ ማታ ደስ ይላል። እኛ በባቡር ነው የሄድነው። ከፉሪ ለቡ እስከ ናጋድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚሄድበትን ቀን ቀድማችሁ አጣሩ፣ ትኬት ስትቆርጡ ፓስፖርት ያዙ፣ ቪዛውንና የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም ቀድማችሁ ጨርሱ። የምመክረው ድሬ ዳዋ ወርዶ አንድ ሌሊት ማደርን ነው። ሰውነት ሙቀቱን ትንሽ ትንሽ እያለ ይለምደዋል፤ የድሬ ሰውም እንግዳ ይወዳል። ናጋድ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ከባቡር ስትወርዱ ታክሲ ያስፈልጋችኋል። ዋጋውን ሳትነጋገሩ እግራችሁን መኪናው ውስጥ አታስገቡ።

ማረፊያ ስትይዙ «ኤሲው ከዋጋው ጋር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ያረፍንበት ቦታ ሁለት ቀን በደንብ ካቀዘቀዙን በኋላ ለብቻው አስከፈሉን። ተከራከርኩ፤ ባለቤቴ «ተው፣ ያለሱ አትተኛም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቋንቋ አያስጨንቃችሁ። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የሚነገርበት አገር ነው፤ ግን ገበያ ውስጥ በአማርኛ ብትጠይቁ በአማርኛ የሚመልስላችሁ አታጡም። የሚያሳስታችሁ ቋንቋው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ጅቡቲና እኛ የሰዓት ልዩነት የለንም፤ ፀሐይ እኩል ነው የምትወጣልን። አቆጣጠራቸው ግን እንደ ፈረንጅ ነው። ሰውዬው በጥሩ አማርኛ «በ8 ሰዓት እንገናኝ» ካላችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል። «በማን ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን አስምሩበት።

አለማስመሬ ምን እንዳመጣ ላውራችሁ። በደረስን በማግስቱ ልጁ ወደብ ላይ ጭነት ስለሚጠብቅ «ከሰዓት እመጣለሁ፣ ብቻችሁን ውኃ አትግቡ» ብሎን ነበር። እኛ ግን አልቻልንም። ከተማው ውስጥ ሲየስታ የሚሉት የባሕር ዳር አለ፣ ወደዚያ ሄድን። ጠዋት 3 ሰዓት ይሆናል፣ በኛ። ስንደርስ ባሕር የለም! እውነቴን ነው፣ የለም። እርጥብ አሸዋና ጭቃ እስከ ሩቅ ተዘርግቷል፣ ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል፣ ትንንሽ ሸርጣኖች ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ውኃው እዚያ ማዶ ላይ ያብለጨልጫል። ባለቤቴ «ይሄ ነው 31 ዓመት ያስተማርከው?» አለች።

መረቡን የሚያስተካክል አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁና ውኃው መቼ ይመለሳል አልኩት። «በ10 ሰዓት ይመለሳል» አለኝ፣ በአማርኛ። እኔ ደግሞ በኛ 10 ሰዓት፣ ማለትም ወደ ማታ ገደማ ነው ብዬ ያዝኩ። ገና ሰባት ሰዓት አለን ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ፣ የተጋደመች ጀልባ ሥር አስቀመጥኩት፣ ቦርሳውን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ሰቀልኩት። ቦርሳው ውስጥ የሁለታችንም ፓስፖርት ነበር። አዎ፣ ፓስፖርት። አትስደቡኝ፣ ባለቤቴ ጨርሳዋለች።

እስቲ አስቡት። ባሕር ከጎደለበት እስከሚሞላበት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል ብዬ ያስጠናኋችሁ እኔ ነኝ። ጠዋት ላይ ጎድሎ ያገኘሁት ውኃ እስከ ማታ ቆሞ ሊጠብቀኝ እንደማይችል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያሰላዋል። ግን ባዶ እግሬን ባሕር ወለል ላይ እየሄድኩ ማን ያሰላል? ቀንድ አውጣ የመሰለ ዛጎል እያነሳን፣ እኔ እያስረዳሁ፣ እሷ በነጠላዋ እየቋጠረች፣ ራቅን።

ስንዞር ጀልባዋ ቆማለች። ተንሳፋለች ማለቴ ነው። በእኛና በመንገዱ መካከል ውኃ ገብቷል። ድምፅ አላሰማም፣ ሞገድ የለው፣ ምን የለው፤ በየዝቅታው ሰርጎ ገብቶ ዙሪያችንን ይዞናል። ጉልበት ድረስ በሆነው ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን። ባለቤቴ እመቤቴን ትጠራለች፣ እኔም በልቤ። ዓሣ አጥማጁ ገብቶ ግማሹ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ የነበረውን ቦርሳ አወጣልን። ብር ልሰጠው ብል አልቀበልም አለ። ጫማዬ የለም።

ከሰዓት ልጁ መጣ። በነጠላ ጫማ፣ ያውም የማረፊያው መታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ፣ ተቀምጬ አገኘኝ። ባለቤቴ ሁሉንም ነገረችው። ሳቀ ሳቀና ሲበቃው «ታዲያ ቲቸር፣ ሰው ሮጦ ያመልጠዋል?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አልረሳውም።

«አይሮጥም እኮ» አልኩት። «ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። ዘወር ስትል ጉልበትህ ጋ ነው። ያኔ ስትጠይቀኝ አላውቀውም ነበር፣ ልጄ። ስላላወቅሁ ነው ያስቀመጥኩህ።»

«አውቃለሁ ቲቸር» አለና ፓስፖርቶቹን ተቀብሎኝ ወጣ። መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ገጽ በገጽ እየገለጠ ፀሐይ ላይ አደረቃቸው። ትንሽ ተንጨባረው ቀርተዋል እንጂ ይሠራሉ። ስንመለስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ አገላብጦ አየና «ምን ነካው?» አለ። «ባሕር» አልኩት። ማኅተሙን መታ።

ስለዚህ የሚታሸግ ፕላስቲክ ከረጢት ያዙ። ለውኃ የሚሆን ጎማ ጫማም ያዙ፤ ዛጎሉና ኮራሉ እግር ይቆርጣል። ውኃው የሚጎድልበትን ሰዓት ሁለት ሰው ጠይቁ። መዋኘት የምትፈልጉ ሙሻና መስካሊ ወደሚባሉት ደሴቶች በጀልባ ይኬዳል፣ ውኃው እዚያ ንጹሕ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ወደ አርታና ጉቤት በኩል ዌል ሻርክ ይመጣል። ሻርክ የሚለው ስም አያስደንግጣችሁ፣ በዓይን የማይታይ የባሕር ነፍሳት ለቃሚ ነው፤ ሰው አይነካም። እኛ አላየነውም፣ ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ጀልባ የሚባል ነገር አልሰማም ብላ።

ገንዘቡ ፍራንክ ነው። ከ1949 ጀምሮ (እንደ ፈረንጅ) ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክና ትንሽ ሳንቲም ነው። መንገድ ዳር ቦርሳቸውን ታቅፈው የሚቀመጡ ሴቶች ይመነዝሩላችኋል። ዋጋው ግን ወደድ ያለ ነው፤ ለምግብም ለማረፊያም ከአዲስ አበባ በላይ ያዙ። ብዙው ነገር ከውጭ የሚገባ ነው። የምትጠጡት ውኃ እንኳ ከኛ ሊሆን ይችላል፤ ከሺኒሌ በኩል ከከርሰ ምድር ወጥቶ በቧንቧ ይሄድላቸዋል። መብራትም ከኛ ይገዛሉ። ጫቱንማ ታውቁታላችሁ፣ በየቀኑ ነው የሚገባው። ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ዘግቶ ከተማው ጭር ሲል አትደናገጡ፤ ወደ 10 ሰዓት (በኛ!) መልሶ ይከፍታል። ጉዳያችሁን በጠዋት ጨርሱ፣ እናንተም ተኙ። ዓርብ ዕረፍት ነው።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ የየመኖችን ዓሣ ሳትበሉ እንዳትመለሱ። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው ዘርግተው በርበሬ ይቀቡትና እንደ ጉድጓድ ባለ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠብሱታል። ከሰፌድ የሚያንስ ትኩስ ቂጣ ይመጣል፣ በሙዝና በማር የተለወሰ ጣፋጭም ይታከልበታል። በእጅ ነው፣ በጋዜጣ ላይ ቢቀርብላችሁም አትከፉ። የሄድነው በነቢያት ጾም ነበር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ ገጽ ላይ እንዳትከፍቱብኝ። ባለቤቴ አልበላችም፣ እኔ በላሁ፣ ሁለታችንም በሰላም ተመልሰናል።

ከተማው ውስጥ ፕላስ ምኒልክ የሚሉት አደባባይ አለ፣ ዛሬ በይፋ ስሙ በነጻነታቸው ቀን ሰኔ 27 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) የተሰየመ ነው፤ ሰዉ ግን አሁንም ምኒልክ ይለዋል። ማታ በእግር ዙሩት። የሐሙዲ መስጊድን ከነሚናሬቱ አይታችሁ ገበያውን እለፉበት። የድሮውን የባቡር ጣቢያም እዩት፤ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ መነሻ ነው፣ የኛ ለገሃር ወንድም። ካሜራ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ወደቡን፣ ወታደሩን፣ የጦር ሰፈሩን ፎቶ አታንሱ። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፍሮበታል፤ የማንን አጥር እንዳነሳችሁ ሳታውቁት ነው የምትጠየቁት።

አንድ ቀን ካላችሁ አሳል ሐይቅ ሂዱ። ከከተማው በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በማለዳ ውጡ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ነው፣ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። (ፈተና ላይ ዳሎል ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ አሁንም ኤክስ ነው።) ዳሩ ነጭ ጨው ነው፣ ዓይን ያሳምማል፣ መነጽር ያዙ። ውኃው ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ስለሆነ ብትተኙበት ይሸከማችኋል፤ ቁስል ያለው ሰው ግን አይግባ። ስትወጡ የምትለቃለቁበት ንጹሕ ውኃ ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ በመንገድ ላይ ቆዳችሁ እንደ ቋንጣ ይደርቃል። እዚያ ልጁ ነው የወሰደን፣ የጓደኛውን መኪና ተውሶ። መንገዱን እሱ እየነገረኝ፣ ድንጋዩ ለምን እንደጠቆረና መሬቱ ለምን እንደሚሰነጠቅ እኔ እየነገርኩት ሄድን። በመሀል በመሀል ይጠይቀኛል። ሁለት ጊዜ አላውቅም አልኩት።

ባለቤቴ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ የባሕር ውኃ ሞልታ ይዛ መጥታለች፣ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። ጎረቤት ሲመጣ ጸበል መስሏቸው ይሳለሙታል፣ እሷም አታርምም።

ልጆች ይዤ ብሄድ ላላችሁኝ፦ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮፍያና ብዙ ውኃ ብቻ። የቀረ ጥያቄ ካለ ከታች ጻፉልኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ጫማው ቡናማ ነው፣ ቁጥር 42፣ የግራው ሶል ተጠግኗል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ያላችሁ ዓይናችሁን ጣል አድርጉልኝ።